ወረቀቱን አትግዛ

በአገጫቸው ላይ ከሰባት ፀጉር በላይ በቅሎላቸው የማያውቅ ሰው ስለ ምላጭ ያን ሁሉ ነገር ከየት አወቁት? ይህን ጥያቄ ቆቦ ውስጥ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ በቅጡ የመለሰልኝም የለም። አንዱ «አሰብ ወደብ ሳሉ ከመርከበኛ ተምረው ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ በጃንሆይ ጊዜ የእስረኛ ራስ ይላጩ ነበር» ይላል። ሚስታቸው እታ ሀሊሜ ደግሞ «ሥራ የፈታ ሰው የማያውቀው ነገር አለ እንዴ?» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

ሰባት ስል ለማጋነን አይደለም። ጎረቤታቸው ነኝ። በእሳቸው ግቢና እኔ በተከራየኋት ክፍል መካከል ያለው የማሽላ አገዳ አጥር ብቻ ስለሆነ፣ ፀጉሮቹን ጠዋትም ማታም ቆጥሬአቸዋለሁ። አራቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ናቸው።

በየከተማው አንድ መራጭ ሰው አለ። ሌላው ሰው ይገዛል፤ መራጩ ግን ይመረምራል። ሐብሐብ በጥፊ የሚመታው፣ የዶሮ ላባ ገልጦ ቆዳዋን የሚያየው፣ የክብሪት እንጨት ቆጥሮ የሚረከበው፣ ባለሱቁን ሁሉ ገና ከሩቅ የሚያስመርረው እሱ ነው። ወልድያ በበሬ መራጭዋ ትኮራ ይሆናል፤ ደሴም በጫማ መራጭዋ። እኛ የቆቦ ሰዎች የምንኮራው ግን በምላጭ መራጫችን ነው፦ በክቡር አያ በድረዲን፣ በአጭሩ በአያ በድሩ፣ በሁለት አፍ ስለት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚሽነር። ሹመቱን የሰጣቸው መንግሥት አይደለም። መንግሥት በዚያ ዘመን የሚሾመው ሌላ ብዙ ሰው ነበረው። እሳቸውን የሾማቸው ፊታችን ነው።

ኑሯቸው ከጨው ንግድ ነው። ከአፋር በግመል የሚመጣውን ጨው ገበያው ጥግ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። የሚገርመው ጨው ሲሸጡ ማንም እንዲመርጥ አይፈቅዱም። «ጨው የአላህ ሥራ ነው፤ ምኑን ትመርጠዋለህ?» ይላሉ። «ምላጭ ግን የፋብሪካ ሥራ ነው። ፋብሪካ ማለት ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል፣ ይሰክራል፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ሥራ ይገባል።»

አንድ ፓኮ ምላጭ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። ምላጩን ከዝገት ጠብቆ ያቆየው ዘይት መሽተት አለበት፤ ካልሸተተ ነገሩ አልቋል፣ ፓኮው ሳይከፈት ይመለሳል። ከሸተተ አንዱን ፍሬ ያወጡና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስለቱን በአፉ በኩል ያዩታል። የቆቦ ሕፃን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ንግግር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «የሚያብለጨልጭ ስለት ደነዝ ነው። የሳለ ስለት አይታይም።» ይህን ከፊዚክስ ደብተሬ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ልክ ናቸው። ብርሃን የሚመልሰው ስፋት ያለው ነገር ነው፤ ስፋት ያለው ነገር ደግሞ አይቆርጥም። እኔ ይህን ለመረዳት አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ክፍል ገብተው አያውቁም።

ቀጥሎ ምላጩን በጥፍራቸው ነካ ያደርጉና ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል። ጥሩ ምላጭ እንደ ትንኝ ይዘፍናል፤ መጥፎው እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ይህንም ካለፈ የመጨረሻው ፈተና ይመጣል፦ በሁለት ጣት ተንጠልጥሎ የተያዘ አንድ ፀጉር፣ ምላጩ ሳይገፋው፣ ገና ሲነካው መቆረጥ አለበት። ችግሩ ራሳቸው በራ፣ አገጫቸው እንዳልኳችሁ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመንገደኛ ይለምናሉ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ አንድ ፀጉር ስጠኝ» ሲሉ የሰሙ ሴቶች ሹሩባቸውን ሸፍነው ወደ አስፋልቱ ማዶ ይሻገራሉ። የራያ ጎበዝ ግን ጎፈሬው ኩራቱ ነው፤ ተለምኖ እምቢ አይልም፣ ጎንበስ ይልላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ይመርጣሉ! «ቅቤ የነካው ፀጉር አልፈልግም» ይላሉ። «ቅቤ የጠጣ ፀጉር ይዋሻል።»

በዚያን ዘመን ምላጭ እንደ ስኳርና እንደ ሳሙና የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነበር፤ በኩፖን፣ በሰልፍ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ፓኮ፣ አምስት ፍሬ። ሌላው ሰው ተራው ሲደርስ የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። አያ በድሩ ሲደርሱ ግን ሰልፉ ይቀመጣል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ያን ቀን ከቤታቸው መቀመጫ ዱካ ይዘው ይመጡ ነበር።

አንድ ቀን አሥራ አንደኛውን ፓኮ ሲያሸቱ የሱቁ ሠራተኛ የካሳ ትዕግሥት አለቀ።

«አያ በድሩ! ምላጭ ነው እኮ የሚወስዱት። ሚስት የሚመርጡ አስመሰሉት!»

«ሚስትማ አባቴ ናቸው የመረጡልኝ» አሉ ዓይናቸውን ከስለቱ ሳይነቅሉ። «ለኔ የቀረልኝ ምላጭ ነው።»

እታ ሀሊሜ በሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አባትህ ያዩት ወረቀቱን ነው!» አሉ። «ስለቱን ያየኸው አንተ ነህ። እስቲ እዚህ ሰው ፊት ደነዝ ነው በል!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። አያ በድሩ ጥቂት አሰቡና ለካሳ «አሥራ ሁለተኛውን አምጣ» አሉት። ካሳም ሲያጉረመርም አመጣ። እንዲህ ያጉረምርም እንጂ ሱቁን ከዘጋ በኋላ የራሱን ፓኮ በኪሱ ይዞ፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ፣ በጓሮ በር ወደ እሳቸው ግቢ ሲገባ በአገዳው አጥር ቀዳዳ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ትልቁ ገድላቸው ግን የካድሬው ነው። ከደሴ የመጣ ወጣት ካድሬ ሁላችንንም በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ምርት ዕድገት ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። አገጩ ላይ በሦስት ቦታ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፏል፤ ከአንዱ ሥር ደሙ ገና አልደረቀም። ማናችንም አላየንም። በዚያ ዘመን አለማየት ትልቅ ሙያ ነበር። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» ሲል አንድ እጅ ወጣ። የአያ በድሩ ነበር። እታ ሀሊሜ ሻርፓቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ።

«ጓድ፣» አሉ አያ በድሩ ተነሥተው፣ «ንግግሩስ ደግ ነው። ምላጩን ግን ከየት ነው የገዙት?»

ካድሬው ሳያስበው አገጩን ነካ፤ አንዱ የጋዜጣ ቁራጭ ከጣቱ ጋር መጣ።

«ከ... ከደሴ» አለ።

«ባለ ሰጎኑ ነው?»

«አዎ፣ ባለ ሰጎኑ ነው።»

አያ በድሩ ከልባቸው አዘኑ። «ወረቀቱ ያምራል» አሉ። «የተሣለችበት ሰጎንም ታምራለች። ግን ወረቀቱን አትግዛ፣ ልጄ። ስለቱን ግዛ።»

«ጓድ» ያሉትን ሰው በሁለት ደቂቃ «ልጄ» አሉት። ያን ዕለት ማታ ሰፈራችን «ነገ ይታሰራሉ» እያለ አመሸ፤ ለእታ ሀሊሜ «አይዞሽ» ሊሉ የመጡም ነበሩ። በሦስተኛው ቀን የካድሬው መኪና ጨው ተራው ላይ መጥታ ቆመች። ገበያተኛው ግራና ቀኝ ተበተነ። ካድሬው ወርዶ ከቦርሳው ስድስት ፓኮ ባለ ሰጎን አወጣና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለ።

አዩለት። ከሠላሳው ፍሬ አንዲቱ ብቻ ፈተናውን አለፈች። ካድሬው ከዚያ በኋላ ደሴም ሆኖ ምላጭ በፖስታ እየላከ ያስመርጥ ነበር። አገሩ ሁሉ መመሪያ ከደሴ ሲቀበል፣ ደሴ ከቆቦ መመሪያ የተቀበለችበት አንድ ጉዳይ ይህ ነው። እንዴት አንኮራ?

የሙሽራውንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። በእኛ አገር ሙሽራ ሚስቱን ሊወስድ ሲሄድ የሴቲቱ ወገን ልጃገረዶች በር ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። ሥራቸው ነውር መፈለግ ነው። ያገኙትን ነውር ይዘፍኑታል፤ ዘፈኑ አንዳንዴ ከትዳሩ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል። ዋጃ ውስጥ በሠርጉ ጠዋት ጉንጩን ምላጭ የቆረጠው አንድ ሰው «ድመት የሳመችው» ተብሎ ተዘፍኖበታል። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ቤቱን የሚፈልግ እንግዳ ግን አሁንም «የድመቷ ባል ቤት የት ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ የጎብዬው አህመድ፣ ፂሙ እንደ እሾህ ቆዳው እንደ ሕፃን የሆነው ልጅ፣ ሊያገባ ሳምንት ሲቀረው አያ በድሩ ዘንድ መጣ።

«ልጅቱ የየት ናት?»

«የዋጃ ናት፣ አያ።»

«የዋጃ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዋጃ ልጃገረዶች አንድ ምላጭ አይበቃም። ለየጉንጩ አንድ ነው።»

ሁለት መረጡለት። በሠርጉ ቀን ልጃገረዶቹ ዙሪያውን ዞሩት፣ አገጩን በባትሪ አዩት፣ ምንም አጡ። ተስፋ ቆርጠው ስለ ጫማው ዘፈኑ። ይህ ሲነገራቸው አያ በድሩ «ጫማ በኔ ሥር አይደለም» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

እኔን የያዙኝ በዚያው ሰሞን ነው። የማትሪክ ውጤት እየጠበቅሁ፣ ቀን ተኝቼ ሌሊት እያነበብሁ የምኖርበት ጊዜ ነበር። ፂሜ ገና ማብቀሉ ነው፤ ያገኘሁትን ምላጭ አንሥቼ ከታች ወደ ላይ ስገፋው አንገቴ ሁሉ ሽፍታ ሆኖ ነበር። አስፋልቱ ላይ አገጬን ይዘው አቆሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ፊት ነው ወይስ የታረሰ ማሳ?»

«ምላጩ ነው፣ አያ።»

«ምላጩም ነው፣ አንተም ነህ። የራያ ልጅ አይደለህም እንዴ? ከተራራው ጎርፍ ሲመጣ አባትህ ምን ያደርጋል? ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል?»

«አይ። ከጎኑ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል።»

«እንግዲያ! ፀጉርም ጎርፍ ነው፤ የሚወርድበት አለው። በጣትህ ዳስሰህ አውቀውና አብረኸው ውረድ። አትግፋው። የሳለ ምላጭ አይገፋም፤ የሚገፋ ሰው ምላጩ ደነዝ ነው፣ ወይም ራሱ ደነዝ ነው።»

ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ያችን ከሠላሳ ያለፈችዋን ባለ ሰጎን አውጥተው ሰጡኝ። ካድሬው ለምስጋና ትቶላቸው ነበር። «ሰጎን ሁሉ ደነዝ አይደለም» አሉ። «አንዳንዷ ትሮጣለች። ለትልቅ ቀን አስቀምጣት።» ትልቅ ቀን ያልኩት ቀን አልመጣልኝም። ምላጯን ከነወረቀቷ የማነበው መጽሐፍ ገጽ መሃል አኖርኳት፤ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስትዛወር ኖረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አያ በድሩና እታ ሀሊሜ አንዲት ልጅ ብቻ አለቻቸው፤ መይሙና ትባላለች። ካገባች ሰባት ዓመት ልጅ አልሆነላትም። ያልተሄደበት ሐኪም፣ ዱዓ ያልተደረገበት ቦታ የለም። አላህ ሲል፣ በስምንተኛው ዓመት፣ እናቷ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በእስላሞቹ ወግ በሰባተኛው ቀን በግ ይታረዳል፣ ለሕፃኑ ስም ይወጣል፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ፀጉርም ይላጫል። የገበያው ፀጉር አስተካካይ ታሂር እንዲላጨው ተነገረው። ምላጩን ማን እንደሚመርጥ ማንም አልጠየቀም።

አያ በድሩ ምላጩን የመረጡት መይሙና ማርገዟ የተሰማ ዕለት ነው። ፈትነው፣ በጥጥ ጠቅልለው፣ የዘይት ጠብታ አድርገውበት፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከቤቱ ወጋግራ ላይ ሰቅለውት ነበር። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አጡ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በኔ ምርጫ ደም ታይቶ አያውቅም» አሉኝ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው። ይህን የሚሉት ሁልጊዜ በኩራት ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው ቀጠነ። «የጎበዝ አገጭ ቢቆረጥ ይድናል። የኔም ስም ቢቆረጥ ይድናል፤ ግዴለም። ይሄ ግን ሰባት ዓመት የተጠበቀ ራስ ነው፣ ልጄ። አንዲት ጠብታ ደም ባይ እኔ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆንም።»

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የክብሪት ቀፎውን አወረዱ። ከዚያ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ሀሊሜ!»

«አቤት!»

«ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ! የሠርግ ቀሚሴን ተረተርኩበት። ለልጁ መታቀፊያ ልሰፋለት ብዬ።»

ምላጩ ወደ ፀሐይ ሲዞር በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ።

«ምላጩ ጥርስ አውጥቷል» አሉ አያ በድሩ።

«ያውጣ! ከልጁ ቀደመው» አሉ እታ ሀሊሜ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አያ በድሩ አልተቆጡም። ያን የተተረተረ ነጭ ቀሚስ አንሥተው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ መልሰው ሚስታቸው ጭን ላይ አኖሩትና ወጡ። ኅብረት ሱቅ ሄዱ፤ ካሳ ምላጭ ከመጣ ሁለት ወር እንዳለፈው ነገራቸው። ገበያውን ዞሩ፤ ከአፋር የሚመጣውም ዕቃ ያን ሳምንት አልመጣም። ወደ ዋጃ በእግራቸው ሊነሡ ሲሉ ሰው ለምኖ መለሳቸው፤ መሽቶባቸው የጥበቃ ጓዶች እንዳይዟቸው ተፈራ።

ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጀመሪያ የመጣው ካሳ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ በዋናው በር፣ ሰው እያየው ገባ። ከኪሱ አንድ ምላጭ አወጣ። «ዓምና የመረጡልኝ ነው፣ አያ። እንዲሁ ስሳሳለት ሳልጠቀምበት ቀረ።» ከእሱ ቀጥሎ የጎብዬው አህመድ፣ ለበዓሉ በጭነት መኪና የመጣው፣ የሁለተኛውን ጉንጩን ምላጭ አቀረበ። «አንዱ ለሁለቱም ጉንጭ በቅቶኝ ነው» አለ እያፈረ። ደብሪቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችንም መጣች። ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ «የሟች ባሌ ነው። ለፋሲካ ብሎ አስቀምጦት ነበር፤ ፋሲካ አልደረሰለትም» አለች። እኔም መጽሐፌን ገልጬ ባለ ሰጎኗን ይዤ ሄድኩ።

ለካ ቆቦ ሁሉ እንደኔ ነበር! አያ በድሩ የመረጡለትን ምላጭ ፊቱ ላይ ለመጨረስ የሳሳ፣ አንዱን ለትልቅ ቀን የሸሸገ ሕዝብ ነበርን። ሲመሽ ሰፌዱ ላይ ሠላሳ አንድ ምላጭ ተደረደረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። አያ በድሩ መምረጥ አቃታቸው።

አሸተቱ፤ ሁሉም ዘይት ዘይት ይላል። አዩ፤ የአንዱም ስለት አይታይም። ነኩ፤ ሁሉም ይዘፍናል። ፀጉር አስነኩ፤ ሁሉም ይቆርጣል። እንዴትስ ይውደቁ? ሠላሳ አንዱም አንዴ በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ከሌላ ሰው ምርጫ ይልቅ የራስን ምርጫ መጣል ከባድ ነው። የኩራዛቸው ብርሃን በአገዳው አጥር እየሾለከ እስኪነጋ እኔ ክፍል ሲገባ አደረ፤ የኔን ባጠፋም ማንበብ እችል ነበር። ገጹን ግን አልገለጥኩም፤ የምላጮቹን ቀጭን ድምፅ ስቆጥር አደርኩ።

ጠዋት ግቢው በእንግዳ ሞላ። በጉ ታርዷል፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ምስር ለብቻ ተሠርቷል። ታሂር እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። አያ በድሩ ሰፌዱን ይዘው ከጓዳ ሲወጡ አየኋቸውና ደነገጥኩ። ዓይናቸው ቀልቷል። አገጫቸው ደግሞ ልሙጥ ሆኗል። እታ ሀሊሜ ፀጉር ሲያቀብሉ ቆይተው እንቅልፍ ሲጥላቸው፣ አያ በድሩ ለመጨረሻዎቹ ሰባት ምላጮች የአገጫቸውን ሰባት ፀጉር ነቅለው ነበር።

«የትኛው ነው፣ አያ?» አለ ታሂር።

ጣታቸው ከአንዱ ምላጭ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንግዳው ተያየ። በቆቦ ታሪክ አያ በድሩ ስለ ምላጭ ተጠይቀው ዝም ሲሉ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አባባ፣» አለች መይሙና ልጇን እንዳቀፈች፣ «እነዚህን ሁሉ የመረጥካቸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ የቱ ክፉ ይሆናል?» አለችና እጇን ሰፌዱ ላይ ሰደደች። «ይቺን። ወረቀቷ ያምራል።»

ያነሣችው ባለ ሰጎኗን ነበር። የኔዋን! ያ የታወቀ ቃል ከአፋቸው እስኪወጣ ጠበቅን። አያ በድሩ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን አዩ። ሕፃኑን አዩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ወረቀቷ ያምራል።»

ታሂር ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ሕፃኑ ከሴት አያቱ የሠርግ ቀሚስ በተሰፋው ነጭ መታቀፊያ ላይ ተኝቷል፤ አንዲት ነጥብ ብትወድቅ የምትታይበት ጨርቅ ነው። ምላጯ ድምፅ አልነበራትም። ከጆሮው በላይ፣ ከማጅራቱ፣ ከግንባሩ በላይ ያለው ለስላሳ ፀጉር እንደ ጭስ እየተነሣ ከጎኑ ወደ ተዘረጋው መሐረብ ወረደ። እርግብግቢቱ ጋ ሲደርስ፣ አጥንት የሌለባት ያች ቦታ ከቆዳው ሥር ትር ትር ስትል፣ የታሂር እጅ ቆመ።

«እዚህ ላይ እጄ አልሄድ አለኝ» አለ። «አንቱ ይጨርሱት።»

አያ በድሩ ማንንም ሲላጩ አይተናቸው አናውቅም። መራጭ ናቸው እንጂ ላጭ አይደሉም። «ይተዉት» ሊል የፈለገ ሰው ነበር፤ አፉን ያዘ። እጃቸውን ታጠቡ። ሌሊቱን ሙሉ ከምላጭ ወደ ምላጭ ሲዞሩ ያደሩት ጣቶች ምላጯን ሲይዙ ቀጥ አሉ። በግራ እጃቸው ጣት የፀጉሩን መውረጃ ዳሰሱ፤ ከዚያ አብረውት ወረዱ። አልገፉም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሕፃኑ አዛጋ። ሃያ ዓመት ገበያ የላጨው ታሂር አፉን ከፍቶ የሚያየው ጭንቅላቱን አልነበረም፤ እጃቸውን ነበር። እንዲያ ያለ እጅ በአንድ ቀን አይገኝም።

እታ ሀሊሜ መታቀፊያውን ከልጁ ሥር ስበው ወደ ብርሃን ዘረጉት። አገላብጠው አዩት። ከዚያ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው ለእንግዳው ሁሉ አሳዩት። ነጭ ነበር።

እልልታው ጨው ተራ ድረስ ተሰማ። ሸሁ የልጁን ስም ሰላሁዲን አሉት። ካሳ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር፤ ጭስ ነው አለ፤ በአጠገቡ እሳት አልነበረም። እኔም የገዛ ምላጬ ሆኖ ይሁን ሌላ፣ አንገቴ ከወትሮው ቀና ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የቆየው ጥያቄ አፌ ላይ የመጣው። ዛሬ ካልጠየቅኋቸው መቼ? ምስሬን አስቀምጬ፣ በሰው መሃል አልፌ፣ አያ በድሩ ግድግዳ ተደግፈው ወደ ተቀመጡበት ሄድኩና አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አያ፣» አልኩ፣ «ይህን ሁሉ ከየት ነው የተማሩት?»

ባለ ሰጎኗ ወረቀት፣ በጥንቃቄ ተጣጥፋ፣ በሁለት ጣታቸው መሃል አለች። አገጫቸው፣ ያ ሰባት ፀጉሩን የሰጠ አገጭ፣ ደረታቸው ላይ ወርዷል፤ ያንኮራፋሉ። ዙሪያቸው ሰው ይበላል፣ ይጮኻል፣ ሕፃኑም አሁን ገና ማልቀስ ጀምሯል። የታሂርን ሰዓት አየሁ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።